የናፍጣ መኪና በብርድ ማለዳ ስለ ምን አልነሣ ይላል? ስለ ማሞቂያ ካንዴላና ስለ ባትሪ መድከም የተሰጠ ማብራሪያ

ከጥቅምት አጋማሽ አንሥቶ እስከ ጥር መጨረሻ ባሉት የብርድ ወራት፣ በደብረ ብርሃን እንዲሁም በአርሲና በባሌ ደጋዎች ያደሩ የጭነት መኪናዎች ሲነጋ አልነሣ እያሉ ሾፌሩንም ባለንብረቱንም ማስቸገራቸው የታወቀ ነገር ነው። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ የሚባክነው ሰዓት ለተመልካች ጥቂት መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነጋዴው ግን ሒሳቡን የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። ድንች ወይም ጎመን የጫነ መኪና ገበያው ከተበተነ በኋላ ቢደርስ ዕቃው በወደቀ ዋጋ ይሸጣል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ቡና ከመርከቡ የመጫኛ ቀን ቢዘገይ ላኪው ከገዢው ጋር የተዋዋለው ቀን ይናጋል።

ከዚህም በላይ ነገሩ በባትሪ ሻጭና በባትሪ ገዢ መካከል የሚያስነሣው ክርክር አለ። ገዢው «የሸጥህልኝ ባትሪ ሦስት ወር እንኳ ሳይሠራ ሞተ» ብሎ ይመልሳል፤ ሻጩ ደግሞ «ባትሪው ደኅና ነበር፤ የገደለው መኪናህ ነው» ብሎ ይከራከራል። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚያልቀው ከሁለቱ አንዱ በመክሰሩ ነው እንጂ እውነቱ በመታወቁ አይደለም። እውነቱን ለማወቅ ግን ቮልትና አምፔር ከሚለካ ቴስተርና ከአሲድ መለኪያ በቀር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ስለዚህ ባለመኪናውም፣ ዕቃ አስመጪውም፣ ባለሱቁም የችግሩን ሥር እንዲረዱት ከዚህ እንደሚከተለው ተገልጧል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ሠርቶ ያሳየው ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለየው ነዳጁን ለማቀጣጠል የእሳት ብልጭታ የማያስፈልገው በመሆኑ ነው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከ16 እስከ 22 ጊዜ አጥፎ ሲጨምቀው የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሞተሩ ሞቅ ያለ እንደ ሆነ ነው። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሞተር ብረቱ የአየሩን ሙቀት ይመጠዋል፤ ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሪኖው ሞተሩን ቀስ ብሎ ያዞረዋል፤ ቀስ ብሎ በዞረ መጠን የታመቀው አየር በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ይወጣል። በደጋ አገር ደግሞ አየሩ ራሱ የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው የሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ከዚህም ያንሳል። ጅቡቲ ላይ ቁልፉ እንደ ተነካ የሚነሣ መኪና ደብረ ብርሃን አድሮ አልነሣ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም፤ በቈላ ሳለ ተሰውሮ የነበረው ጉድለት በደጋ ተገለጠ ማለት ነው።

ይህን የጎደለ ሙቀት የሚሞላው የማሞቂያ ካንዴላ የሚባለው ነው። ከቤንዚን መኪና ካንዴላ ጋር በስም ቢመሳሰልም በሥራ አይገናኝም፤ ብልጭታ አያወጣም። እርሳስ የሚያህል ቀጭን የብረት ዘንግ ሆኖ በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጫፉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ይቀላል። በአገራችን ከተማን ከገጠር የሚያገናኘው አይሱዙ ኤን ፒ አር አራት ሲሊንደር ስላለው አራት ካንዴላ አለው። በከባዶቹ ተሳቢ ካሚዮኖች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ዓይነቱ ካንዴላ አይገኝም፤ በእርሱ ፈንታ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በመግቢያው ቧንቧ ላይ የሚያሞቅ ሌላ መሣሪያ ተሠርቶላቸዋል። ስለዚህ «ለሲኖ ትራክ ካንዴላ አለህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ባለሱቅ እጁን ወደ መደርደሪያው ከመስደዱ በፊት የሞተሩን ቍጥር ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የተጠቀለለ ሽቦ ምልክት ያለውን ብጫ መብራት ብዙ ሾፌሮች የካንዴላዎቹ የጤና ምስክር አድርገው ይቈጥሩታል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ግን መብራቱ የሚናገረው ሰዓቱን ብቻ ነው። አራቱም ካንዴላዎች ተቃጥለው ሳለ እርሱ በጊዜው በርቶ በጊዜው ሊጠፋ ይችላል።

የካንዴላውና የባትሪው ነገር እርስ በርሱ የተቈላለፈ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ከአራቱ ካንዴላዎች ሁለቱ ቢቃጠሉ ሞተሩ በቶሎ ስለማይነሣ ሾፌሩ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ያዞራል፤ በዚህም ባትሪው ይደክማል። የደከመ ባትሪ በበኩሉ የቀሩትን ሁለት ካንዴላዎች በደንብ አያግልም። የካንዴላ ሙቀት ቮልቱ በቀነሰው ልክ ብቻ የሚቀንስ አይደለም፤ ቮልቱ ከአምስት አንድ እጅ ቢጐድል፣ የሚሰጠው የሙቀት ኃይል በግምት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይጐድላል። በዚህም የተነሣ ባለንብረቱ ባትሪ ለውጦ መኪናው ለአንድ ወር ያህል ደኅና ይነሣለታል፤ ከዚያ በኋላ ያው ችግር ይመለሳል፤ ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል። ጥፋቱ ግን ከመጀመሪያው የዋጋው ትንሽ በሆነው በካንዴላው ዘንድ ነበር።

ከሁለቱ የትኛው እንደ ታመመ ለመለየት ጆሮና ዓይን ቀዳሚዎቹ መሣሪያዎች ናቸው። ሞተሪኖው በብርታት እያዞረ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭና ናፍጣ ናፍጣ የሚል ጭስ እየወጣ ሞተሩ ካልተነሣ፣ ነዳጁ እየገባ ሳይቃጠል እየወጣ ነውና ጥርጣሬው በካንዴላው በኩል ይሁን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያው መኪና ምንም ሳይነካ የሚነሣ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ሞተሪኖው እየጐተተ ቀስ ብሎ የሚያዞር ወይም ጠቅ ጠቅ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ምክንያቱን በባትሪው፣ በወፍራሙ ኬብልና በሞተሪኖው በራሱ ላይ መፈለግ ነው። ሞተሪኖው በብርታት እያዞረ ጭስ ጨርሶ ካልታየ ናፍጣው አልደረሰም ማለት ነው፤ ይህ የፊልትሮና የፖምፓ ጉዳይ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ ይቈይ።

ካንዴላን መፈተን ቀላል ነው። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹን በላይ በኩል የሚያያይዛቸው የብረት ቅጠል ይነሣል፤ ይህ ሳይነሣ ቢፈተን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ከዚያም የፍተሻ አምፑል አንዱ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር፣ ሌላው ከእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ጋር በየተራ ይነካካል። አምፑሉ ከበራ ሽቦው አልተቈረጠም፤ ካልበራ ካንዴላው ሞቷል። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ኦሙን ይለካል። የ12 ቮልት ካንዴላ በአብዛኛው ከ2 ኦም በታች ሲያሳይ የ24 ቮልቱ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ይሁን እንጂ ከቍጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው አራቱን ማስተያየት ነው። ሦስቱ ተመሳስለው አንዱ ብቻ ከተለየ የታመመው እርሱ ነው። አራቱም ደኅና ሆነው ሳለ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ካልደረሳቸው ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሞተሩን ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ መመልከት ነው፤ ይህ መለኪያ ከተበላሸ ሞተሩ ሳይሞቅ ሞቋል ብሎ ካንዴላዎቹን ሊያስቀር ይችላል።

የሞተ ካንዴላ ሲወጣ ግን ትዕግሥት ያሻል። ለዓመታት በካርቦን የተያዘን ካንዴላ በጉልበት የሚፈታ መካኒክ ሊሰብረው ይችላል፤ ጫፉ በቴስታታው ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ቴስታታው እስከ መውረድ ይደርሳል፤ በጥቂት ብር የተጀመረው ሥራም በብዙ ሺሕ ብር ያልቃል። ሞተሩ ሞቅ ሲል፣ ዝገት የሚፈታ ዘይት አስቀድሞ ነክቶ፣ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያሉ መፍታት የተሻለ ነው።

አስመጪዎችና ባለሱቆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው የቮልት ጉዳይ ነው። አይሱዙን የመሰሉ መኪናዎች አንዳንዶቹ በ12፣ ብዙዎቹም ሁለት ባትሪ ተያይዞላቸው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ካንዴላዎቹም በመልክና በጥርስ አንዳንድ ጊዜ ይመሳሰላሉ። በካንዴላው አካል ላይ የተጻፈው ቍጥር 11 ወይም 23 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ለ12፣ ሁለተኛው ለ24 ቮልት መኪና የተሠራ ነው። የ12 ቮልቱ በ24 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ከተሠራለት አራት እጥፍ የሚያህል ኃይል ይወርድበታል፤ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል፣ ጫፉም አብጦ ሊሰበርና ወደ ሲሊንደሩ ሊወድቅ ይችላል። በተቃራኒው የ24ቱ በ12 ላይ ቢገጠም አይቃጠልም፤ ነገር ግን ከሚገባው ሩብ ያህል ብቻ ስለሚሞቅ ጥቅም የለውም፤ ገዢውም «አዲስ ገዝቼ ምንም አልተለወጠም» ብሎ ይመለሳል። በመደርደሪያ ላይ ሁለቱን ዓይነት በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ጠብን ገዝቶ እንደ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። ማታ ደኅና የነበረ ባትሪ ለጧት ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሌሊት የወሰደው አለ። ሌባው ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል። ትልቁ ሌባ የካንዴላው ሪሌ ነው። በውስጡ ያሉት መገናኛዎች ከብዙ ሥራ በኋላ ቀልጠው ሊጣበቁ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ቁልፉ ተነቅሎ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሾፌሩ ተኝቶ ሳለ ካንዴላዎቹ እንደ ጋሉ ያድራሉ። አራት ካንዴላዎች በአንድነት 30 አምፔር ቢወስዱ፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃዋል። ካንዴላዎቹም አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ባትሪና ካንዴላ በአንድ ሌሊት ጠፍተው ሲገኙ መጀመሪያ የሚመረመረው ሪሌው ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅ ሲዳሰስ ሞቅ የሚል ሪሌ መልሱን ሰጥቷል።

ትንንሾቹ ሌቦች ብዙ ናቸው፤ ያልጠፋ የጋቢና መብራት፣ ያረጀ ሽቦ፣ በዲናሞው ውስጥ የተበላሸ ዳዮድ። ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ ሞተሩ ካደረ በኋላ ዲናሞውን መዳሰስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀዝቅዞ እርሱ ለብ ብሎ ከተገኘ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እየፈሰሰበት ነው። የቀረውን የሚያገኘው አምፔር መለኪያ ነው። ቁልፉ ተነቅሎና ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሳለ የባትሪው ኔጋቲቭ ኬብል ይፈታል፤ መለኪያውም በኬብሉና በባትሪው መካከል ይገባል። ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ደኅና ነው። ግማሽ አምፔር ቢያሳይ ትንሽ አይምሰል፤ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ በአራት ቀን የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ይሄዳል። መለኪያው እንደ ተገጠመ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቢመለከቱት፣ ቍጥሩ የወደቀበት ፊውዝ የሌባውን ቤት ያሳያል። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ማዞር መለኪያውን ያቃጥላልና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በ24 ቮልት መኪናዎች ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርስ፣ በመካኒክ ሳይሆን በራሱ በባለቤቱ ትእዛዝ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ሬዲዮ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ለጌጥ የሚገጠም መብራትና አንዳንድ ጊዜም የጂፒኤስ መከታተያ በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ሠራተኛው ሽቦውን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ይቀጥላል። ነገሩ ይሠራል፤ ገንዘብም ያድናል። ይሁን እንጂ እነዚህ ዕቃዎች 2 አምፔር እየወሰዱ ለ10 ሰዓት ቢሠሩ 20 አምፔር ሰዓት የጐደለው አንዱ ባትሪ ብቻ ነው። ዲናሞው ሲሞላ ለሁለቱም እኩል ስለሚልክ የሞላው ባትሪ ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃው ይተናል፤ የጐደለው ግን ዘወትር ሳይሞላ ይኖራል፤ በሰሌዳዎቹም ላይ ነጭ ጠጣር ዝቃጭ ይይዛል። በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ፤ አንዱ በጥጋብ፣ አንዱ በረኃብ። መኪናው አድሮ ሁለቱ ባትሪዎች ለየብቻቸው ሲለኩ ከ0.2 ቮልት በላይ ቢለያዩ ይህ በሽታ መጀመሩን ያመለክታል። መድኃኒቱ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ መግዛትና ዕቃዎቹን ሁሉ በእርሱ ላይ መቀጠል ነው፤ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። እንደዚሁም አንዱን ባትሪ አሮጌ ሌላውን አዲስ አድርጎ ማያያዝ አዲሱን ማስረጀት ስለ ሆነ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መለወጥ ይገባል።

የቈላው ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በብዙዎች ዘንድ ባትሪን ብርድ ይገድለዋል እየተባለ ይነገራል፤ የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የባትሪው እርጅና ወደ እጥፍ ይጠጋል። በሚሌና በጋላፊ መንገድ የሚመላለስ መኪና ባትሪው የሚያረጀው በአፋር በረሓ ሳለ ነው፤ እርጅናው የሚታወቀው ግን ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ነው፤ በዚያ ብርድ ጤነኛው ባትሪ እንኳ ሞተር ለማስነሣት የሚሰጠው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ወደ በረሓ የሚወርዱ ባለመኪናዎች ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ካላቸው የተጣራ ውሃ ይዘው ይሂዱ፤ የቧንቧ ውሃ ወይም ተጨማሪ አሲድ አይጨመርበትም። በደጋ ደግሞ አንዳንዶች በሞተሩ ሥር እሳት የማንደድ፣ ወይም በአየር መግቢያው ኤተር የመርጨት ልማድ አላቸው። ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ኤተር ከጋለው ጫፍ ጋር ሲገናኝ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል፤ ስለ እሳቱ መናገርም አያስፈልግም።

ባትሪ ለሚያስመጣው ነጋዴ የመጋዘኑ ነገር ከመኪናው ያላነሰ ነው። አሲድ የተሞላ ባትሪ ማንም ሳይነካው በየወሩ ከኃይሉ ጥቂት ጥቂት ያጣል፤ በሙቅ ኮንቴይነርና በቈርቈሮ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ፈጥኖ ያጣል። 12.6 ቮልት ሆኖ የመጣው ወደ 12.4 ሲወርድ እንደ ገና ካልተሞላ፣ ገዢው እጅ ሳይገባ ማርጀት ጀምሯል። ስለዚህ የተሠራበትን ቀን መመልከት፣ በፊት የገባውን በፊት መሸጥ፣ በየሦስት ወሩም መለካት ግዴታ ነው። ደረቅ ሆኖ የሚመጣው፣ አሲዱ በሽያጩ ጊዜ የሚጨመርበት ባትሪ ለረጅም ማከማቻ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አሲዱ ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አርፎ ተሞልቶ ሊሰጥ ይገባል እንጂ ወዲያው ለመኪናው አይታሠርም። በመርከብ የሚጓዘው አሲድ የተሞላ ባትሪ በዓለም አቀፍ ደንብ በቍጥር 2794፣ በክፍል 8 የተመዘገበ አደገኛ ዕቃ መሆኑም ለአስመጪው የታወቀ ይሁን።

በመጨረሻ፣ የተመለሰ ባትሪ ሲመጣ ሻጩና ገዢው እንዴት ይፍረዱ? ባትሪው መጀመሪያ ይለካል። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱም 2.1 ቮልት ይሰጣል። ከሞላ በኋላም አርፎ 10.5 ቮልት ላይ የሚቆም ባትሪ አንዱ ክፍሉ የሞተበት ስለ ሆነ ጥፋቱ የባትሪው የራሱ ነው። ዝቅ ያለ ሌላ ቍጥር ካሳየ ግን ከመፍረድ በፊት በቀስታ ይሞላ፤ ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 10 አምፔር ያህል፣ ከ10 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ። ክፍት ክዳን ካለው የስድስቱ ክፍሎች አሲድ በመለኪያ ይታይ። ስድስቱም እኩል ወደ 1.260 ከተመለሱ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ያራቆተው መኪናው ስለ ሆነ ገዢው ሪሌውን፣ የዲናሞውን ቺንጋና የ12 ቮልት ሽቦውን ያስመርምር። አምስቱ ተመልሰው አንዱ ከ0.050 በላይ ወደ ኋላ ከቀረ ገንዘቡ ወይም ልዋጩ የሚገባው ለገዢው ነው። ክዳኑ የማይከፈት ከሆነ በጭነት መፈተኛ ለ15 ሴኮንድ ይፈተን፤ ከ9.6 ቮልት በታች ካልወረደ ደኅና ነው። ይህ ሁሉ ፈተና በገዢው ፊት ቢደረግና፣ ባትሪው በተሸጠበት ቀን የነበረው ቮልትም በደረሰኙ ጀርባ ተጽፎ ቢገኝ፣ ጉዳዩ በዚያው በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።